ስለ ጄምስ ብሩስና ስለ ዋጊኖስ ቅርፊት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ያለው አገር ዝናብ የማይለየው፥ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፥ ቡናውም በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት ምድር ነው። በዚህ አገር ያደገ ልጅ ማንም ሳያስተምረው ብዙ ነገር ይማራል። የቱ እንጨት ለምሰሶ፥ የቱ ቅጠል ለቁስል፥ የቱ ፍሬ ለወፍ ብቻ እንደ ሆነ ያውቃል። ሁለት ቅጠሎች መልካቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ምግብ፥ ሁለተኛው መርዝ ሊሆን እንደሚችልም ከሽማግሎች ይሰማል።

ከነዚህ ከተሞች ከፍ ብሎ በሚገኘው በደጋው ደን ዳር፥ እንዲሁም በብዙው የኢትዮጵያ ደጋ፥ ዋጊኖስ የሚባል ትንሽ ዛፍ ይበቅላል። ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ለጋው ዝገት የሚመስል ጠጕር አለው፤ ቅርፊቱም እጅግ መራራ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ዛፍ ብሩሴያ ይሉታል። ስሙን ያገኘው ጄምስ ብሩስ ከሚባል የስኮትላንድ ሰው ነው። የዚሁ ሰው ስም ደግሞ ብሩሲን በሚባል ክፉ መርዝ ላይ ይገኛል። ነገር ግን በዋጊኖስ ውስጥ ያ መርዝ የለም። ልጆች ሆይ፥ መርዙ ይህን ስም ያገኘው በስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የሰው ሕይወት ያጠፋ ነበረ። እንዴት እንደ ሆነ ከሰውየው ታሪክ ጋራ እንነግራችኋለን። በዚህ ታሪክ የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጄምስ ብሩስ በስኮትላንድ ኪኔርድ በሚባለው በአባቱ ርስት በ1730 ዓ.ም. ተወለደ። ቁመቱ እጅግ ረዥም፥ ጠጕሩ ቀይ፥ ጠባዩም ደፋርና ቍጡ ነበረ። በ1754 ዓ.ም. ሚስት አገባ፤ ሚስቱ ግን ብዙ ወራት ሳይቈዩ በሳንባ በሽታ ሞተችበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ልቡ ወደ ጕዞና ወደ ትምህርት አዘነበለ፤ የዐረብን ቋንቋና ግዕዝንም ተማረ። በ1763 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል አድርጎ ወደ አልጀርስ ላከው። ከዚያም ሥራ ከወጣ በኋላ የዓባይን ምንጭ ፈልጎ ለማየት ቈረጠ።

ብሩስ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከወርቅ ይልቅ መድኃኒት እንደሚረዳው ተገነዘበ። ስለዚህ በሶርያ አገር በሐለብ ከተማ ከሚኖረው ከሐኪሙ ከፓትሪክ ራስል ዘንድ ተቀምጦ ጥቂት የሕክምና ጥበብ ተማረ። ራስል የታወቀ ሐኪም ነበረ። ብሩስም ከእርሱ የተማረው ጥቂት ቢሆንም በሚገባ ስለ ያዘው በኋላ በጕዞው ሁሉ ጠቀመው።

በ1769 ዓ.ም. መስከረም ወር ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 ዓ.ም. የካቲት ወር ጎንደር ገባ። በዚያን ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ገና ወጣት ነበሩ፤ የመንግሥቱም ኀይል በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። ብሩስ በደረሰ ጊዜ በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ነበረ። ከታመሙትም አንዱ የእቴጌ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነበረ። እንግዳው ሰው ሕክምና ያውቃል መባሉን ሰምተው አስጠሩት።

ይህ ጊዜ ለብሩስ እጅግ የሚያስፈራ ነበረ። ልጁ ቢሞት የእርሱም ራስ እንደማይተርፍ ያውቅ ነበረ። ለፈንጣጣ የሚሆን የታወቀ ፈውስም በዚያን ዘመን በየትም አገር አልነበረም። ብሩስ ያደረገው ነገር ቀላል ነበረ። በሽተኞቹ የተኙበት ክፍል የተዘጋና የታፈነ ነበረና በሩንና መስኮቱን አስከፈተ፤ ንጹሕ አየር አስገባ፤ ቤቱን በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ በዕጣንና በከርቤም አሳጠነ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። ብሩስም ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤተ መንግሥቱ ወዳጅ አገኘ። ያ ፈንጣጣ ከክትባት የተነሣ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የታወጀው በ1980 ዓ.ም. ነው።

ብሩስ በጎንደር ተቀምጦ የአገሩን ዕፀዋት መረመረ። አብሮት የመጣው የኢጣልያ ሰው ሉዊጂ ባሉጋኒ ሥዕላቸውን ይሥል ነበረ፤ ይህም ሠዓሊ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በኢትዮጵያ ሞተ። ብሩስ ስለ ኮሶ ጻፈ፤ ስለ ቡናም ጻፈ። ወደ ከፋ አገር አልደረሰም፤ ነገር ግን የቡና ዛፍ ትውልድ አገሩ ከፋ መሆኑን ከሰዎች ሰምቶ መዘገበ። ኦሮሞዎች ረዥም መንገድ ሲሄዱ የተቈላና የተፈጨ ቡና ከቅቤ ጋራ ለውሰው እንደ ድቡልቡል አድርገው ስንቅ እንደሚይዙም ተናገረ።

በ1770 ዓ.ም. ኅዳር ወር ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ የፈለገውን ምንጭ አየ። በ1771 ዓ.ም. መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር መንገድ ወደ ግብጽ ጕዞ ጀመረ። በመተማ አቅጣጫ ራስ አል ፊል በሚባለው ቆላ በደም ተቅማጥ ታመመ። ይህ በሽታ በዚያ ቆላ መንገደኛውን ሁሉ ይገድል ነበረ። ያን ጊዜ ያዳነው የአገሩ ሰዎች የሚያውቁት መድኃኒት ነበረ፤ የዋጊኖስ ሥር ቅርፊት ደርቆና ተወቅጦ የተሰጠው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ለብሩስ ያን ዱቄት የሰጠው ሰው ዛፉን በዓይኑ ያውቀዋል። ሥሩን የቈፈረው፥ ያደረቀውና የወቀጠው የአገሩ ሰው ነው። ለምን በሽታ እንደሚሆንና መጠኑ ምን ያኽል እንደ ሆነ ከአባቶቹ ተምሯል። ከዛፉ እስከ በሽተኛው አፍ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ስለ ነበረ በመካከሉ ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነበረ።

ብሩስ ከዚያ ተነሥቶ በስናርና በኑቢያ በረሃ ብዙ መከራ ተቀብሎ በ1772 ዓ.ም. ኅዳር ወር አስዋን ደረሰ። በ1774 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ። የዋጊኖስን ዘር ይዞ መጥቶ ነበረና ዘሩ በኪው የንጉሥ አትክልት ቦታ ተዘርቶ በቀለ። የዕፀዋት ሊቃውንትም አይተውት በብሩስ ስም ጠሩት፤ በስሙም ላይ የተቅማጥ መድኃኒት ማለትን ጨመሩበት። ነገር ግን ብሩስ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ብዙ ሰዎች ውሸት ነው ብለው ሳቁበት። እርሱም ተቈጥቶ ወደ ርስቱ ገባ፤ ታሪኩንም በ5 ታላላቅ መጻሕፍት አሳትሞ ያወጣው በ1790 ዓ.ም. ነው። በ1794 ዓ.ም. አንዲት ወይዘሮ እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲቸኵል ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። በበረሃው፥ በጦርነቱና በበሽታው ያልሞተው ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ሞተ።

ከእርሱ ሞት በኋላ የመጣውን ነገር አሁን እንናገር። ነገሩ የጀመረው ከኢትዮጵያ ርቆ፥ በደቡብ አሜሪካ ነው። ከቬኔዝዌላ አገር አንጎስቱራ ከሚባል ከተማ የሚመጣ መራራ የዛፍ ቅርፊት ነበረ። ከ1788 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓ ለንዳድና ለተቅማጥ ይሰጥ ነበረ፤ ብዙ ሰውም ይወደው ነበረ። በ1804 ዓ.ም. ገደማ ግን በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ተገለጠ። የአንጎስቱራን ቅርፊት ጠጥተው ይድናሉ የተባሉ በሽተኞች ሰውነታቸው ይገተር፥ ይንዘፈዘፍ ጀመረ፤ የሞቱም ነበሩ። ሲመረመር ከእውነተኛው ቅርፊት ጋራ ሌላ ቅርፊት ተደባልቆ ተገኘ። ሁለቱ በአንድ ከረጢት፥ በአንድ ስም፥ በአንድ ዋጋ ይሸጡ ነበረ። መልካቸውም ስለ ተቀራረበ ነጋዴው አልለየውም፤ ባለመድኃኒቱም አልለየውም፤ ሐኪሙም ባለመድኃኒቱን አምኖ ሰጠ፤ በሽተኛውም ሐኪሙን አምኖ ጠጣ። ከአራቱ አንዱ ስንኳ በቅርፊቱ ላይ ያለውን ስም እንጂ ቅርፊቱን አልመረመረም።

ይህ ሐሰተኛ ቅርፊት ከየት መጣ ብለው ሊቃውንቱ በጠየቁ ጊዜ አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያው ብሩሴያ ነው ብለው ገመቱ። ግምቱም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተላለፈ። በ1819 ዓ.ም. ፔለቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከሐሰተኛው ቅርፊት ውስጥ መርዙን ለይተው አወጡ። ቅርፊቱም የብሩሴያ ዛፍ መስሏቸው መርዙን ብሩሲን አሉት። ከብዙ ምርመራ በኋላ ግን ቅርፊቱ በሕንድ አገር ከሚበቅል ኑክስ ቮሚካ ከሚባል ዛፍ እንደ ሆነ ተረጋገጠ። ይህም ዛፍ በብዙ አገር ውሻ የሚገደልበት ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ የሚገኝበት ነው። ዋጊኖስ በዚህ ነገር እጁ የለበትም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ የብሩስ ስም በመርዙ ላይ ቀርቶአል። አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። ለዚህ ሰው ስሙ ከመቃብር በላይ ሲውል፥ ባላወቀውና ባልነካው ነገር ላይ ዋለ። ሰዎቹ በዓይኑ አይቶ የተናገረውን ሲጠራጠሩ፥ ማንም አይቶ ያልመረመረውን ስም ግን ያለ ጥርጥር ተቀበሉ።

ሁለቱን ቅርፊቶች ለመለየት ታላቅ ጥበብ አያስፈልግም ነበረ። በቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ናይትሪክ አሲድ የሚባለውን ጽኑ ውሃ አንድ ጠብታ ቢያደርጉበት፥ ሐሰተኛው ወዲያው እንደ ደም ይቀላል፤ እውነተኛው ግን እንዲህ አይሆንም። ይህ ምርመራ የሚፈጀው ጥቂት ጊዜ ነው። ያን ጥቂት ጊዜ ማንም ስላልሰጠው ግን ሰው ሞተ።

እነዚያው ፔለቲዬና ካቫንቱ በሚከተለው ዓመት በ1820 ዓ.ም. ከሲንኮና ቅርፊት የወባን መድኃኒት ኪኒንን ለይተው አወጡ። ከዚያ በፊት የወባ በሽተኛ የሚጠጣው የተወቀጠ ቅርፊት ነበረ። አንዱ ቅርፊት ብርቱ፥ ሌላው ደካማ፥ ሌላውም የተጭበረበረ ስለ ሆነ ሐኪሙ ምን ያኽል መድኃኒት እንደ ሰጠ በትክክል አያውቅም ነበረ። ኪኒን ከተለየ በኋላ ግን በሚዛን መስፈር ተቻለ። እኛም ዛሬ ክኒን የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ስም ነው።

ነገር ግን ልጆች ሆይ፥ በዚህ ቃል ውስጥ የተሰወረውን አደጋ አስተውሉ። በአገራችን የራስ ምታቱም፥ የወባውም፥ የደም ግፊቱም፥ የስኳር በሽታውም መድኃኒት ክኒን ይባላል። ሁሉም ትንሽ፥ ሁሉም ክብ፥ ብዙውም ነጭ ነው። አንድ ሰው ነጭ ክኒን ወስጄ ዳንሁ ቢላችሁ ስለ መድኃኒቱ ምንም አልነገራችሁም፤ አንድ ከረጢት መራራ ቅርፊት ብቻ አሳያችሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ተረት ለዚህ ይስማማል።

ደግሞ እውነተኛው መድኃኒት እንኳ ያለ መጠኑ ጠላት ነው። ኮሶ የትል መድኃኒት ሆኖ ብዙ ዘመን አገልግሎአል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ዓይን እስከ ማጥፋትና እስከ መግደል ይደርሳል። ዋጊኖስም እንዲሁ ነው። በ1973 ዓ.ም. ኩፕቻን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋራ ብሩሴያንቲን የሚባል ብርቱ ነገር ከዚህ ዛፍ አገኘ፤ ለነቀርሳም ይጠቅም እንደ ሆነ በኋላ በበሽተኞች ላይ በጥንቃቄ ተፈተነ። በሽተኞቹ ግን ያስታውካቸው፥ የደማቸውም ግፊት ይወርድ ነበረ፤ ነቀርሳውም አልተቀነሰም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ተዉት። የተዉትም እያንዳንዱን መጠንና እያንዳንዱን ጕዳት በጽሑፍ ይዘው ስለ ነበረ ነው። የአገራችን ዕፅ ደካማ ነውና ቢበዛ አይጎዳም የሚል ሰው ይህን ያስብ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? መድኃኒት በእጃችን በገባ ጊዜ 5 ነገር እንጠይቅ፤ ይህ ምንድር ነው? ለማን ነው? ምን ያኽል ነው? መቼ ነው? እንዴት ይወሰዳል? ከ5ቱ አንዱ እንኳ ካልታወቀ ወደ አፍ ከመክተት መጠየቅ ይሻላል። መጠየቅ አለማወቅን ይገልጣል ብሎ የሚያፍር ሰው አለ። በሐምቡርግ ከነበሩት አራት ሰዎች አንዱ ይህ ምን ቅርፊት ነው ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፥ ማፈሩ ለአንድ ቀን፥ ጥቅሙ ለብዙ ነፍስ በሆነ ነበረ።

በቴፒ ቆላ ወባ ብዙ ቤት ያንኳኳል። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ የክኒኑም ቍጥር በበሽተኛው ክብደት ይሰፈራል፤ ከምግብ ጋራ ሲወሰድ ሰውነት አብልጦ ይቀበለዋል። እናት በሁለተኛው ቀን የልጅዋ ትኵሳት መብረዱን አይታ የቀረውን ለጎረቤት ልጅ ብታካፍል፥ ርኅራኄዋ መልካም ነው፤ ሥራዋ ግን ሁለቱን ልጆች ይጎዳል። የእርስዋ ልጅ መድኃኒቱን አልፈጸመም፤ የጎረቤትዋም ልጅ በክብደቱ አልተሰፈረለትም፤ ምናልባትም በሽታው ወባ አይደለም። ለጎረቤት ልጅ የሚገባው ቸርነት ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

እንዲሁም መድኃኒትን ከተሰጠበት ዕቃ አውጥቶ ስም በሌለው ብልቃጥ መጨመር የአንጎስቱራን ከረጢት እንደ መክፈት ይቈጠራል። የተባይ መርዝ ወይም ላምባ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥም ከዚህ የባሰ ነው፤ ሕፃን የሚያውቀው የጠርሙሱን መልክ ብቻ ነውና። ጽሕፈቱ የጠፋውን፥ ቀኑ ያለፈውንም መድኃኒት ወደ መድኃኒት ቤት መልሶ ማስረከብ ይገባል። የባህል መድኃኒት የወሰደ ሰውም ለሐኪሙ ሳይሰውር ይንገረው፤ ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ሊጣሉ ይችላሉ። ያረገዘች ሴትም መድኃኒት ከመቀበልዋ በፊት ማርገዝዋን ትናገር።

ማንበብ የምትችሉ ልጆች ደግሞ አንድ የተለየ ግዴታ አለባችሁ። በብዙ ቤት አያት ማንበብ አይችሉም፤ መድኃኒታቸው ግን ጽሕፈት አለበት። ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ከጎናቸው ተቀምጣችሁ ጽሕፈቱን አንብቡላቸው። ያልገባችሁን ቃል እንደ ገባችሁ አድርጋችሁ አትንገሯቸው፤ ተመልሳችሁ ጠይቁ። የጠዋቱን ከማታው፥ የእርሳቸውን ከሌላው ሰው ለይታችሁ አስቀምጡ።

ወደ ደኑ ዳር ወጥታችሁ የዋጊኖስን ዛፍ ስታዩ ይህን ታሪክ አስቡ። ያ ዛፍ አንድን መንገደኛ ከሞት አዳነ፤ የሚያውቀው ሰው ፈልጎ፥ ለይቶና ሰፍሮ ሰጥቶታልና። በሐምቡርግ የሞቱት በሽተኞች ግን የጠጡትን ቅርፊት ማንም አልለየላቸውም ነበረ።